ምዕራፍ 5፦ ሥራው የሚጀምረው ከፕሮፖዛሉ ነው

ኢንተርኔት ላይ ሥራ ፈልገው ካጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ሙያ አልጎደላቸውም። ኮድ ይጽፋሉ፣ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋሉ፣ ሰነድ ይተረጉማሉ፣ ሒሳብ ይሠራሉ። የጎደላቸው ያን ሙያ ለማያውቃቸው ሰው የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። ሁላችንም ትምህርት ቤት የተማርነው ማመልከቻ መጻፍ ነው፤ ከላይ ቀን፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ»፣ ከዚያ ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ የተመረቁበት ዓመት፣ መጨረሻ ላይ «ከሰላምታ ጋር»። ይህ አጻጻፍ በቦታው ትክክል ነው። መሥሪያ ቤቱ መስፈርቱን በሰሌዳ ለጥፏል፤ አመልካቹም የሚመዘነው ባያያዘው ማስረጃ ነው።

የፍሪላንስ ገበያ ላይ ማስታወቂያ የለጠፈ ሰው ግን ክፍት የሥራ መደብ የለውም። ያለው አንድ ችግር ነው፤ ያ ችግር በዚህ ሳምንት ከጫንቃው እንዲወርድለት ይፈልጋል። ሱቁ የተከፈተበት ድረ ገጽ ስልክ ላይ አልከፈት ብሎታል፣ የቀረጸው ቃለ መጠይቅ ተቆርጦ አልተዘጋጀም፣ ለታካሚዎቹ የሚያድለው ጽሑፍ በቋንቋቸው አልተተረጎመም። እንዲህ ያለ ሰው የማን ዲግሪ እንደሚበልጥ ለማወቅ ጊዜ የለውም። የሚፈልገው ችግሩን የተረዳለትን ሰው ነው።

ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ የምናገረው አንድ ነገር ነው። ፕሮፖዛል የሥራው የመጀመሪያ ክፍል ነው። ደንበኛው አንብቦ ሲጨርስ «ይህ ሰው ሥራውን ጀምሮልኛል» ማለት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን እንዴት እንደምናደርግ የሚያሳይ ነው።

የማያዩትን ሰው ማመን

የፍሪላንስ ገበያ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ትልቁ ጥያቄው እምነት ነው። ባለሙያንና ደንበኛን የሚያገናኙት ኢላንስ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ኦዴስክ ደግሞ በ2003 አሜሪካ ውስጥ ተመሠረቱ። የኦዴስክ መሥራቾች ኦዲሴያስ ጻታሎስ እና ስትራቲስ ካራማንላኪስ የተባሉ ሁለት ግሪካውያን ጓደኛሞች ነበሩ። አንዱ አሜሪካ፣ ሌላው ግሪክ ሆነው አብረው መሥራት ፈለጉ። እነሱ ይተዋወቃሉ፤ ይተማመናሉም። ገንዘቡን የሚከፍለው ወገን ግን ባሕር ማዶ ያለውን ሰው በምን ይመነው? የሠራበትን ሰዓት የሚመዘግብ፣ በየ10 ደቂቃው ክፍል የስክሪን ምስል የሚያነሳ ሥርዓት የተሠራው ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። ሁለቱ ድርጅቶች በ2013 መጨረሻ ለመዋሐድ ተስማሙ፤ ከ2015 ጀምሮም አፕወርክ በሚለው ስም ይታወቃሉ። አውስትራሊያ ውስጥ በ2009 ፍሪላንሰር፣ እስራኤል ውስጥ በ2010 ፋይቨር ተከተሉ። ፋይቨር ላይ በአብዛኛው ባለሙያው አገልግሎቱን ደርድሮ ገዢ ይጠብቃል፤ በሌሎቹ ላይ ግን ዋናው መንገድ ለተለጠፈ ሥራ ፕሮፖዛል መላክ ነው።

እነዚህ ድርጅቶች የገንዘቡን ፍርሃት በከፊል አቃለውታል። በቁርጥ ዋጋ በሚሠራ ሥራ ደንበኛው ክፍያውን አስቀድሞ በአደራ ያስቀምጣል፤ ሥራው ሲጸድቅ ለባለሙያው ይለቀቃል። ነገር ግን ሦስት ጥርጣሬዎችን ምንም ዓይነት ሥርዓት አያነሳቸውም። ይህ ሰው የምፈልገው ገብቶታል? መሥራት ይችላል? ባለው ቀን ያደርሳል? እነዚህን ሦስቱን መመለስ የሚችለው የሚጽፉት ፕሮፖዛል ብቻ ነው። አባቶች «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለሸንጎ ነበር፤ እዚህም በትክክል ይሠራል። ደንበኛው ፊትዎን አላየም፣ ድምፅዎን አልሰማም፤ በጻፉት ይፈርዳል።

ከመጻፍ በፊት ማንበብ

አፕወርክ ላይ ፕሮፖዛል በነፃ አይላክም። ለእያንዳንዱ ሥራ የተወሰነ ኮኔክት (የማመልከቻ ነጥብ) ይቆረጣል፤ አንዱ ኮኔክት በ0.15 ዶላር ይሸጣል። ገንዘቡ ትንሽ ይመስላል፤ በቀን ደርዘን ፕሮፖዛል ለሚበትን ሰው ግን ወር ሳይሞላ የሚያሳስብ ወጪ ይሆናል። ከገንዘቡ በላይ የሚጎዳው ልብ መቁረጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ለመምረጥ ደግሞ ማንበብ።

ማስታወቂያው አጠገብ ስለ ደንበኛው የሚታየው መረጃ ብዙ ይናገራል። የክፍያ መንገዱ ተረጋግጧል ወይ? እስካሁን ስንት ዶላር አውጥቷል? ከለጠፋቸው ሥራዎች ውስጥ ሰው የቀጠረባቸው ምን ያህሉ ናቸው? በሰዓት በአማካይ ስንት ይከፍላል? ከዚህ በፊት የሠሩለት ሰዎች ምን ጻፉ? ያለፉ ሠራተኞች አስተያየት ወርቅ ነው፤ «ግልጽ መመሪያ ይሰጣል፣ በሰዓቱ ይከፍላል» ከሚል ደንበኛ ጋር መሥራትና «በየቀኑ ሐሳቡን ይለውጣል» ከሚባል ጋር መሥራት አንድ አይደለም።

ስንት ሰው እንዳመለከተም ይታያል፤ ከ5 በታች፣ ከ5 እስከ 10 እያለ ከ50 በላይ እስከሚለው ይደርሳል። ደንበኛው ማስታወቂያውን መጨረሻ ያየው መቼ እንደሆነና ስንት ሰው እያነጋገረ እንደሆነም ተጽፏል። ከ50 በላይ ሰው ያመለከተበት፣ ደንበኛው ጥቂት ሰዎችን ማነጋገር የጀመረበት ሥራ ላይ ኮኔክት ከማፍሰስ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት የተለጠፈ ከሙያዎ ጋር ልክ የሚገጥም ሥራ ላይ ጊዜ መውሰድ ይሻላል።

ከዚያ ማስታወቂያውን ራሱን ሁለት ጊዜ ያንብቡ። አባሪ ካለው አባሪውን ይክፈቱ። ብዙ ደንበኞች በማስታወቂያው መካከል «ፕሮፖዛልዎን በዚህ ቃል ይጀምሩ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይሸጉጣሉ፤ አንብቦ የሚጽፈውን ሳያነብ ከሚልከው የሚለዩት በዚህ ነው። ያቺን አንዲት ቃል ያልጻፈ ሰው የቀረው ጽሑፉ ምንም ያህል ቢያምር የሚያነብለት የለም።

አንድ ማስታወቂያ በቅርበት

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ለዚህ ምዕራፍ ያዘጋጀሁትን አንድ ምሳሌ እንመልከት። የመረጥኩት የትርጉም ሥራ ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ቅርብ የሆነ ገበያ ስለሆነ። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን በቋንቋ ምክንያት ለሚቸገሩ ነዋሪዎች እንዲያደርሱ ያስገድዳል፤ ወሳኝ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። አበሻ በብዛት በሚኖርባቸው ሌሎች የአሜሪካ አካባቢዎችም ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች የአማርኛ ጽሑፍ ይፈልጋሉ።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል እንበል፦ «ትንሽ የጤና ማዕከል ነን። የስኳር ሕመም ክትትልን የሚያስረዳ ባለ 8 ገጽ፣ 2,400 ቃላት ያሉት በራሪ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንዲተረጎምልን እንፈልጋለን። አንባቢዎቻችን በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው። ከእኛ መካከል አማርኛ የሚያነብ የለም። ለኅትመት የሚሆን ፒዲኤፍ ያስፈልገናል። ጽሑፉ ተያይዟል። ፕሮፖዛልዎን ‹ሰማያዊ› በሚለው ቃል ይጀምሩ።»

አብዛኛው ሰው የሚልከው ይህን የመሰለ ነው። በእርግጥ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ መንፈሱ ግን እንዲህ ነው፦

«የተከበሩ ጌታዬ ወይም እመቤት፣ በደኅና እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ የአማርኛ አፍ መፍቻ ተናጋሪ ነኝ። ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪና ጥራት ያለው ሥራ የማቀርብ ባለሙያ ነኝ። ዕድሉን ቢሰጡኝ በዝቅተኛ ዋጋና በፍጥነት ሠርቼ አስደስትዎታለሁ። መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ውሸት የለም፤ ሰውየውም ጎበዝ ተርጓሚ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንዱም ዐረፍተ ነገር ስለዚህ በራሪ ጽሑፍ አይናገርም። ሳይለወጥ ለሌላ መቶ ማስታወቂያ ሊላክ ይችላል፤ ደንበኛውም ይህን ወዲያው ያውቃል። «ዕድሉን ቢሰጡኝ» የሚለው አነጋገር እኛ ዘንድ ትሕትና ነው፤ ለዚያ ደንበኛ ግን ሰውየው ልምድ እንደሌለው ብቻ ይነግረዋል። «በዝቅተኛ ዋጋ» የሚለውም አማርኛ ማንበብ የማይችልን ደንበኛ ከማረጋጋት ይልቅ ያስፈራዋል።

አሁን ሁለተኛውን እንይ፦

«ሰማያዊ። 5ኛው ገጽ ላይ ያለው የመድኃኒት ሰዓት ሠንጠረዥ በቀጥታ ከተተረጎመ ታካሚው መድኃኒቱን በ6 ሰዓት ልዩነት ሊወስድ ይችላል። በአማርኛ የሰዓት አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ንጋት ላይ ስለሆነ፣ እናንተ ጠዋት 8፡00 የምትሉት ለአንባቢው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ‹8 ሰዓት› ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ብዙ አረጋውያን ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም በእናንተ ከሰዓት በኋላ 2፡00 እንደሆነ ይረዱታል። ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን እንዳስቀምጥ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንባቢዎቻችሁ አረጋውያን ስለሆኑ ሙሉውን በአክብሮት አነጋገር፣ በ‹እርስዎ› እጽፈዋለሁ። አማርኛ የሚያነብ ሰው እንደሌላችሁ ስለገለጻችሁ፣ የመድኃኒት መጠንና የማስጠንቀቂያ ክፍሎቹን ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እንዲተረጉማቸው አድርጌ እልክላችኋለሁ፤ በራሳችሁ ዓይን ታነጻጽራላችሁ። የግእዝ ፊደሉ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ባዶ ሳጥን እንዳይሆን ፎንቱን ፒዲኤፉ ውስጥ አካትቼ አስረክባለሁ።

በ5 የሥራ ቀን ይጠናቀቃል፤ 2 ቀን ለትርጉም፣ 1 ቀን ለሁለተኛ አንባቢ፣ 1 ቀን ለገጽ ቅንብር፣ 1 ቀን ለእናንተ አስተያየት። ከዚህ በፊት ስለ ደም ግፊት የተረጎምኩትን አንድ ገጽ አያይዣለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ዋናው ዲዛይን የተሠራበት ፋይል አላችሁ ወይስ ገጹን ከፒዲኤፉ ላይ እንደገና ላቀናብረው? የሥራው መጠን በዚህ ይወሰናል።»

ይህ ጽሑፍ ስለ ጸሐፊው ዲግሪ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ቢሆንም ችሎታውን ከመጀመሪያው የበለጠ አስረድቷል። የሰዓቱን ጉዳይ ያነሣው ሰው ሁለቱንም ባህል እንደሚያውቅ፣ አባሪውን እስከ 5ኛው ገጽ እንዳነበበ፣ ከቃላቱ ባሻገር ለታካሚው እንደሚያስብ ማስረዳት አላስፈለገውም። ደንበኛው ፕሮፖዛሉን ባያገኝ ኖሮ ስለዚህ አደጋ ላያውቅ ይችል ነበር። ገና ውል ሳይፈረም አንድ ጠቃሚ ነገር ተቀብሏል።

ቅደም ተከተሉንም ልብ ይበሉ። ደንበኛው የፕሮፖዛሎቹን ዝርዝር ሲከፍት ከእያንዳንዱ የሚታየው የመጀመሪያው ጥቂት መስመር ነው። ሙሉውን ለማንበብ ገብቶ መክፈት አለበት። ስለዚህ ትልቁ ነገር ከታዘዘው ቃል ቀጥሎ፣ ከላይ ተቀመጠ። ሰላምታና ራስን ማስተዋወቅ እነዚያን ውድ መስመሮች ቢወስዱ ኖሮ የሰዓቱን ጉዳይ ማንም ላያየው ይችል ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ሦስቱ ጥርጣሬዎች በተራ ተመለሱ፦ ገብቶታል፣ ይችላል፣ ያደርሳል። መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ ደግሞ ለሥራው በእውነት የሚያስፈልግ፣ ደንበኛውም በአንድ መስመር ሊመልሰው የሚችል ነው። ጥሩ ጥያቄ ንግግሩን ይከፍታል።

ሙያዎ ሌላ ከሆነም መንገዱ ያው ነው። የድረ ገጽ ባለሙያ ከሆኑ የደንበኛውን ገጽ በራስዎ ስልክ ይክፈቱት፤ የመክፈያው ቁልፍ ከስክሪኑ ውጭ እንደሚወጣ ካዩ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርዎ እሱ ነው። ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ከሆነ ከለቀቃቸው ቪዲዮዎች አንዱን እስከ መጨረሻው ይመልከቱ፤ የእንግዳው ድምፅ ከጠያቂው ድምፅ ዝቅ ብሎ ከሆነ በየትኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ ይንገሩት፤ እንዴት እንደሚያስተካክሉትም ይጨምሩ። የኤክሴል መረጃ የሚያጸዱ ከሆነ አንድ ደንበኛ በሁለት ዓይነት የስም አጻጻፍ ቢመዘገብ እንዴት እንደሚለዩት ይግለጹ። ነገር ግን ጥፋት ለቃሚ አይሁኑ። የሰው ሥራ ላይ ጉድለት ስናሳይ በአክብሮት፣ ከመፍትሔው ጋር መሆን አለበት።

ሁሉም አንድ ዓይነት ሲጽፍ

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ የተስተካከለ እንግሊዝኛ መጻፍ ለማንም ቀሏል። ይህ ለእኛ መልካምም ክፉም አምጥቷል። መልካሙ፣ በሰዋስው ስህተት ብቻ ይጣል የነበረ ባለሙያ አሁን እኩል ቆሟል። ክፉው፣ ማስታወቂያውን ኮፒ አድርጎ ለማሽኑ በመስጠት የሚገኘው ጽሑፍ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ማስታወቂያው ያለውን በሌላ ቃል ደግሞ ይናገራል፤ ደንበኛው ግን የራሱን ቃል መልሶ መስማት አይፈልግም።

መሣሪያውን አይጠቀሙ አልልም። ሐሳቡን እርስዎ ያምጡ፤ አባሪውን እርስዎ ያንብቡ፤ የታዘቡትን በራስዎ አነጋገር፣ በአጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይጻፉ። ከዚያ የእንግሊዝኛውን ስህተት ብቻ እንዲያርምልዎ ይጠይቁት። ባረመልዎ ጽሑፍ ውስጥ እርስዎ በአፍዎ የማይሉት ቃል ካገኙ ያውጡት። ደንበኛው በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ሲያደርግልዎ የሚጠብቀው ጽሑፉን ያነበበለትን ሰው ነው፤ ሌላ ሰው ካጋጠመው እምነቱ ይሸረሸራል።

ዋጋን አስቦ ማቅረብ

ዋጋ በስሜት አይቀመጥም። ከላይ ያለውን ሥራ እናስላ። ተርጓሚው በአንድ ቃል 0.07 ዶላር ቢጠይቅ 2,400 ቃላት 168 ዶላር ይሆናሉ። አፕወርክ ከባለሙያው የሚቆርጠው ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ 10 በመቶ ነበር፤ ከ2025 ወዲህ እንደ ሥራው ከ0 እስከ 15 በመቶ ይለያያል፤ ፕሮፖዛሉን ከመላክዎ በፊት ስንት እንደሆነ ገጹ ላይ ያዩታል። 10 በመቶ ብለን ብንይዝ 16.80 ዶላር ተቀንሶ 151.20 ይቀራል። ለማመልከት 12 ኮኔክት ከወጣ 1.80 ዶላር ነው። ለሁለተኛው አንባቢና ለመልሶ ትርጉሙ 25 ዶላር ከተከፈለ 124.40 ዶላር ይተርፋል። ሥራው በጠቅላላ 20 ሰዓት ከወሰደ በሰዓት 6 ዶላር ከ22 ሳንቲም ማለት ነው። የባንክ ክፍያና ግብር ገና አልተነሣም።

ይህን ስሌት የሠራ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛ፣ ሥራው እንደሚያዋጣውና እንደማያዋጣው ቀድሞ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ደንበኛው «ለምን ይህን ያህል?» ሲለው መልስ አለው። «ሁለተኛ አንባቢ ተካቷል፤ ያለ እሱ ከፈለጉ ዋጋው ይህን ያህል ይቀንሳል» ማለት ይቻላል። ሥራውን ቀንሶ ዋጋ መቀነስ ክብር አለው፤ ሥራው ሳይቀነስ ዋጋውን ብቻ መጣል ግን የመጀመሪያው ዋጋ ያለ አሳብ የተጠራ እንደነበር ያስመስላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ሌላ ፈተና አለብን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ሆኗል፤ ጥቂት ዶላር በብር ሲመነዘር ብዙ ይመስላል። ዋጋዎን ግን በብር መልኩ አይለኩት። ላፕቶፑ፣ ሶፍትዌሩ፣ ስልኩ የሚገዛበት ዋጋ ከዶላሩ ጋር አብሮ ይወጣል። በጣም በረከሰ ዋጋ የገባ ሰው በዚያው ዋጋ ይታወቃል፤ ቀጣዩ ደንበኛም የሥራ ታሪኩን ዓይቶ ያንኑ ያቀርብለታል። ደግሞ የመጀመሪያውን ፕሮፖዛል ከመላክዎ በፊት ገንዘቡ ወደ አገር ውስጥ በየትኛው መንገድ እንደሚገባና ምን ያህል እንደሚቆረጥ ባንክዎን ይጠይቁ።

ታሪክ የሌለው ጀማሪ

«ያለ ልምድ ሥራ አይሰጡም፤ ያለ ሥራ ደግሞ ልምድ አይገኝም» የሚለው ሮሮ እውነት አለው። መውጫው ግን ናሙና ነው። ማንም ሳያዝዝዎ፣ ሊሠሩት የሚፈልጉትን ዓይነት ሥራ ሠርተው ያስቀምጡ። ተርጓሚ ከሆኑ ለሕዝብ በነፃ የተለቀቀ የጤና መረጃ አንድ ገጽ ይተርጉሙ፤ ዋናውንና ትርጉሙን ጎን ለጎን አድርገው በፒዲኤፍ ያዘጋጁ። ዲዛይነር ከሆኑ ለሌለ ካፌ ሙሉ የምግብ ዝርዝር ይሥሩ፤ ለልምምድ የተሠራ መሆኑን ግን ከሥሩ ይጻፉ። የሰው ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብ አንድ ጊዜ ሲጋለጥ ስምን ለዘለቄታው ያጠፋል።

ናሙና ሲያያይዙ ለሥራው የሚቀርበውን አንዱን ወይም ሁለቱን ይምረጡ። አሥር ፋይል የተላከለት ደንበኛ አንዱንም አይከፍትም። ደንበኛው ለሙከራ ሥራ ሠርተው እንዲልኩ ከጠየቀም መጠኑን ይመልከቱ። አንድ አንቀጽ መተርጎም ችሎታን ያሳያል፤ ሙሉውን 8 ገጽ «ለሙከራ» መጠየቅ ግን ነፃ ጉልበት መፈለግ ነው። «አንድ አንቀጽ በደስታ እሠራለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በትንሽ ክፍያ እንጀምር» ማለት ጨዋነት ያለው መልስ ነው።

ሰዓትና ቃል

የመልስ ፍጥነት ብዙ ሥራ ይወስናል። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ይለያያሉ፤ እኛ ሰዓታችንን ስለማንለውጥ ልዩነቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀያየራል። የዋሽንግተን ሠራተኛ በበጋቸው ጠዋት 9፡00 ቢሮው ሲገባ እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ከዚያ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ እሱ ፕሮፖዛሎችን የሚያነብበት፣ እርስዎም ወዲያው ሊመልሱለት የሚችሉበት ነው። ቀጠሮ ሲይዙ ሁልጊዜ በእሱ ሰዓት፣ የከተማውን ስም ጨምረው ይጻፉ። ቀንም ሲጽፉ በእሱ የቀን አቆጣጠር ይሁን። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የጠፋ ቀጠሮ ሥራ አሳጥቷል።

የመብራትና የኢንተርኔት መቋረጥን በተመለከተ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ማማረር አያስፈልግም፤ የማስረከቢያ ቀን ሲቆርጡ ግን በስሌቱ ያስገቡት። በ3 ቀን የሚያልቀውን 4 ቀን ይበሉና በ3 ቀን ያስረክቡ።

ከተላከ በኋላ

መልስ ሲመጣ ደስታው እንዳያስቸኩልዎ። ውል ሳይከፈትና ገንዘቡ በአደራ ሳይቀመጥ ሥራ አይጀምሩ። በሰዓት የሚከፈል ሥራ ከሆነ መመዝገቢያውን ፕሮግራም ከፍተው ይሥሩ፤ ክርክር ሲነሣ የሚከላከልልዎ እሱ ነው። «ቴሌግራም ላይ እንነጋገር፣ ክፍያውን በሌላ መንገድ እልክልዎታለሁ» የሚል ደንበኛ ካጋጠመዎ ይቆጠቡ። አፕወርክ በእሱ በኩል ከተገናኙት ደንበኛ ጋር ለ2 ዓመት ያህል ከመድረኩ ውጭ ክፍያ መፈጸምንና መቀበልን በውሉ ይከለክላል። ለሥልጠና፣ ለመመዝገቢያ ወይም ለዕቃ መግዣ እርስዎ እንዲከፍሉ የሚጠይቅ ሰው አታላይ ነው። የሌላ ሰው አካውንት መከራየትም የራስ ስም ሳይገነቡ ለሌላ ሰው ስም መልፋት ነው፤ አካውንቱ የተዘጋ ቀን የሠሩት ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

የላኩትን እያንዳንዱን ፕሮፖዛል በአንድ ሠንጠረዥ ይመዝግቡ፦ ቀኑ፣ የሥራው ዓይነት፣ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር፣ ዋጋው፣ ውጤቱ። ከጊዜ በኋላ መዝገቡ ራሱ ይመክርዎታል። ምንም መልስ የማይመጣ ከሆነ ችግሩ ሥራ አመራረጥዎ ላይ ወይም የመጀመሪያ መስመሮችዎ ላይ ነው። መልስ እየመጣ ሥራው የማይሰጥዎ ከሆነ ናሙናዎን፣ ዋጋዎንና በንግግር ጊዜ የሚሰጡትን መልስ ይመርምሩ። ሥራው ተሰጥቶዎ ደንበኛው የማይመለስ ከሆነ ደግሞ ፕሮፖዛሉ ላይ የገቡትን ቃል ከሰጡት ሥራ ጋር ያስተያዩ።

ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው በቀን አሥር ፕሮፖዛል መላክ አይችልም፤ አያስፈልገውምም። አንድ ማስታወቂያ መርጦ፣ አባሪውን ከፍቶ፣ ደንበኛው ያላየውን አንድ ነገር አግኝቶ መጻፍ ሰዓት ይወስዳል። ያ ሰዓት ሥራው ባይገኝም አይባክንም፤ በሙያዎ ውስጥ የሰውን ችግር ማየት የሚለምዱበት ነውና። ደንበኞች ደጋግመው የሚቀጥሩት፣ ለወዳጆቻቸውም የሚጠቁሙት ይህን ልምድ ያዳበረ ባለሙያ ነው። ስለዚህ ነገ የሚልኩትን ፕሮፖዛል ከመላክዎ በፊት ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህ ደንበኛ ባይቀጥረኝ እንኳ ከጻፍኩለት ነገር የሚጠቅመው አለ? መልሱ «አለ» ከሆነ ይላኩት።